አንድ ኮሌጅ፣ ሁለት ቁጥር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ስንት ተማሪ ነበረው? ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነውና ፈልጉት። ዩኒቨርሲቲው ራሱን ሲያስተዋውቅ በ33 ተማሪዎች የቅበላ አቅም ጀመርኩ ይላል። ስለ ሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት የተጻፉ ጥናቶችን ስትከፍቱ ደግሞ ከ70 በላይ የሚል ቁጥር ይገጥማችኋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ኮሌጅና ስለ አንድ ዓመት ነው። ልዩነቱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ሁለት ቁጥሮች ሲጣሉ አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለዚህ ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ይሄ ሆነ፦ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትልቅ ተቋም ገና ትንሽ ኮሌጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ከተረፈው ጽሑፍ መፈለግ። ቁጥር ፍለጋ ገብቼ ሌላ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ተብሎ የሚቀረው ማን የጻፈው ነው? እኛስ ምን እየጻፍን ነው?

መጀመሪያ ዓመቱን እናጥራ

የኮሌጁ ስም «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ነበር። ግቢው አራት ኪሎ ነው፤ ዛሬ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት። ስለ ልደቱ ስታነቡ የመጀመሪያው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የውጭ መጻሕፍት «1950» ብለው ያልፋሉ። እኛ 8 እንቀንስና «1942» ብለን እንጽፋለን። ችግሩ 8 የሚቀነሰው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ እኛ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ የሚቀነሰው 7 ነው። ስለዚህ «1950» ብቻውን ሲጻፍ 1942ም፣ 1943ም ሊሆን ይችላል።

ይህን ይዘን ስናየው ነገሩ ይጠራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጅ ሊቋቋም መሆኑን ያስታወቁት መጋቢት 1942 ነው። ትምህርት የተጀመረው ታኅሣሥ 1943 ነው። በይፋ የተመረቀው ደግሞ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ። የመቋቋሚያ ቻርተሩን ያገኘው በ1946 ሲሆን የመጀመሪያ ተመራቂዎቹንም ያስወጣው በዚያው ዓመት ነው። እንደ ሰው ብናየው የተፀነሰበት፣ የተወለደበት፣ ክርስትና የተነሳበትና የልደት ሰርተፊኬት ያወጣበት ቀን ለየብቻ አለው። ሁሉም ትክክለኛ ቀን ነው። የትኛው «ልደት» ይባል የሚለው ግን የሚጽፈው ሰው ምርጫ ነው።

የተማሪው ቁጥርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «የቅበላ አቅም» እና «የተመዘገበ ተማሪ» አንድ አይደሉም። ሚኒባስ ላይ የመጫን አቅም 12 ሰው ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ የታክሲ ተሳፋሪ ያውቀዋል። በዚያ ላይ አንድ አዲስ ኮሌጅ በተከፈተበት ዓመት የሚገባም የሚወጣም ይኖራል፤ ታኅሣሥ ላይ የተቆጠረና ሰኔ ላይ የተቆጠረ እኩል ላይሆን ይችላል። ክርክሩን የሚቆርጠው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ዓመት የተማሪዎች ስም መዝገብ። ቤተ መዛግብት የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ትርክት ከትርክት ሲጋጭ «እስቲ መዝገቡን አምጡት» የምንልበት ቦታ ነው።

ባለሥልጣኑ የጻፈው፣ አስተዳዳሪው የጻፈው

ስለዚህ ኮሌጅ የቀረውን ጽሑፍ በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የመንግሥት ነው። ቻርተሩ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ንግግሮችም ታትመው ቀርተዋል። እነዚህ በደንብ የተጠበቁ ናቸው። የሚነግሩን ግን ኮሌጁ ምን እንዲሆን እንደታሰበ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር አይነግሩንም።

ሁለተኛው የአስተዳዳሪዎቹ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣፍጣል። ኮሌጁን ያቋቋሙትና የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ ሲሆኑ ጀስዊት ነበሩ። ጀስዊቶች፣ በአማርኛ ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ በእነሱ ስብከት ካቶሊክነትን ተቀብለው ሀገሩ ደም ተፋሰሰ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ደግሞ አባረሯቸው። ከ300 ዓመት በኋላ ሌላ የኢትዮጵያ ንጉሥ የዚሁ ማኅበር ሰዎችን ከካናዳ ጠራ። መጀመሪያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ፣ ቀጥሎ ኮሌጁን። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ መስበክ የለም፣ የመነኩሴ ልብስ መልበስም የለም። በሱፍና በከረባት ማስተማር ብቻ።

በኢኮኖሚስት ዓይን ካየነው ይሄ ውል ነው። መንግሥት መምህር ይፈልጋል፤ የሠለጠነ የሀገር ልጅ ደግሞ ገና ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተገድለዋል። ስለዚህ ያለውን ባለሙያ የድሮው ቁስል እንዳይነካ ገደብ አድርጎ ቀጠረ።

የዚህ ውል አንዱ ውጤት ታዲያ ወረቀቱ ራሱ ነው። ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ለአለቆቹ ይጽፋል። የካናዳ ጀስዊቶች ቤተ መዛግብት የሚገኘው ሞንትሪያል ነው። የኮሌጃችንን የመጀመሪያ ዓመታት ከአስተዳዳሪው ወንበር ሆኖ ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ መንገዱ ወደዚያም ይወስደዋል። የአራት ኪሎ ታሪክ ከፊሉ በፈረንሳይኛ፣ በረዶ የሚወርድበት ከተማ ውስጥ መቀመጡ ይገርማል። ግን ማማረሪያ አላደርገውም። ወረቀቱ እዚያ የቀረው የሚጠብቀው ሰው ስለነበረ ነው።

ተማሪዎቹ የጻፉት

እኔን በጣም የሳበኝ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት። በፈረንጆቹ 1953፣ ማለትም ኮሌጁ የመጀመሪያ ተመራቂዎቹን እንኳ ሳያስወጣ፣ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር መሥርተው በእንግሊዝኛ ቡለቲን ማሳተም ጀመሩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ እያንዳንዱ ተማሪ የመጣበትን አካባቢ ሕይወት፣ ወግና ልማድ ጠይቆ፣ አይቶ ይጽፋል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። እነዚህ ልጆች በዚያ ዘመን በሀገሪቱ በጣም ጥቂት ከነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨራሾች ውስጥ የተመረጡ ናቸው። ኮሌጅ የገቡት ቢሮ ለመግባት፣ ከገጠር ሕይወት ለመውጣት ነው። የተላኩት ወደ ፊት እንዲሮጡ ነው። እነሱ ግን ዞር ብለው የአያቶቻቸውን ደጃፍ መዘገቡ። ያ ቡለቲን በኋላ ተሰብስቦ እንደገና ታትሟል፤ የሀገራችን የሶሻል አንትሮፖሎጂ ጥናት ሲነሳም ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠራል።

ከጀርባቸው አንድ ሰው ነበረ፤ ፖላንዳዊው የኮሌጁ ላይብረሪያን ስታኒስላው ሆይናትስኪ። ሰውየው መጽሐፍ ከማዋስ ሥራው ጎን ለጎን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ማሰባሰብ ጀመረ። ቀጥሎ የባህል ዕቃና ሥዕል ጨመረበት። ያ የላይብረሪ ጥግ ክምችት እያደገ ሄዶ በ1955 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ መነሻ ሆነ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ዛሬ ስድስት ኪሎ ሙዚየም የሚገባ ተማሪ የሚያየው ነገር ሥሩ ያ የአራት ኪሎ ላይብረሪ ነው።

ኮሌጁ ትልቅ በጀት፣ ትልቅ ሕንፃ ወይም ብዙ ተማሪ ስለነበረው አይደለም ይህን ያህል አሻራ የተወው። አንድ የሚሰበስብ ሰውና ጥቂት የሚጽፉ ልጆች ስለነበሩት ነው።

ከውጭ የመጡ ዓይኖች

ትንሽ ኮሌጅ ቢሆንም በሩ ዝግ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1958 አክራ ላይ ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሰጡ። ገና ቅኝ ግዛት ላይ ካሉ ሀገሮች ተማሪዎች አራት ኪሎ መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦኮ አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የኛ ልጆች «ቅኝ ያልተገዛች ሀገር» እየተባለ ሲነገራቸው ያደጉ ናቸው። ጎናቸው የተቀመጠው ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ግን ስለ ፓርቲ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ያወራል። የተማሪውን እንቅስቃሴ ያጠኑ ሰዎች ይህን የክፍልና የዶርም ጉርብትና ትልቅ ቦታ ይሰጡታል።

በዚያው ሰሞን አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን ኮሌጁ ውስጥ አስተምረዋል። ስለ አማራ ባህል በጻፉት «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፋቸው ውስጥ የተማሪዎችን አመለካከት በመጠይቅ የለኩበት ክፍል አለ። ተማሪው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሀገር ምን ያስብ እንደነበር ከወሬ ይልቅ በመጠይቅ የተያዘ መረጃ ማግኘት ለዚያ ዘመን ብርቅ ነው።

ታኅሣሥ 1953

ተማሪው በነፃ ይማራል፤ በነፃ ይበላል፤ ግቢ ውስጥ ያድራል። ንጉሠ ነገሥቱም እየመጡ ይጎበኙታል። የመንግሥት ስሌት ግልጽ ነው፦ አብልተን፣ አስተምረን ታማኝ ሠራተኛ እናገኛለን። ስሌቱ ግን አንድ ነገር አላካተተም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶችን አንድ ግቢ ውስጥ ስታሳድር፣ ማታ ማታ የሚያወሩት የቤት ሥራ ብቻ አይደለም።

ታኅሣሥ 1953 እነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ለመደገፍ አደባባይ ወጡ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። በፈረንጆቹ 1961 ደግሞ ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን በኮሌጁ የግጥም መድረክ አቀረበ። የግጥሙ ርዕስ ብቻ የዘመኑን አየር ይነግራችኋል። እስከዚያ ድረስ ስለ ድሃው የሚናገር እንጂ ድሃው ራሱ ሲናገር የሚሰማበት መድረክ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። የመፈንቅለ መንግሥቱ ሰዎች ባለሥልጣናትን ይዘው የገደሉበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ። ታኅሣሥ 1954 የአራት ኪሎው ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የግቢ አዳሪነት ቀረ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም መኖሪያውን ያደረገው በዚያው ቤተ መንግሥት ነው። ትንሹን ኮሌጅ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የለወጠው ፖለቲካ ደም ያፈሰሰበት ቤት፣ የኮሌጁን ማስታወሻ የሚጠብቅ ቤት ሆነ ማለት ነው።

እኛ የወጪ መጋራት ፎርም ፈርመን የገባን ትውልድ ስለ ነፃ ትምህርት ዘመን ስናነብ መቅናታችን አይቀርም። ግን «ነፃ» የሚባለውን ቃል ጠጋ ብላችሁ እዩት። ያኔ ክፍያው በብር አልነበረም፤ በታማኝነት ነበር። ያ ክፍያ ሲቋረጥ አገልግሎቱም አብሮ ተቆረጠ።

ወረቀቱ ላይ የሌሉት

መዝገብ ሁልጊዜ የሚያዳላው ለሚጽፍ ሰው ነው። ስለ ኮሌጁ የተጻፈውን ሳነብ ፕሬዚዳንቱን፣ ዲኑን፣ ገጣሚውን፣ ሰልፈኛውን አገኘኋቸው። ያን ሁሉ ተማሪ ያበሰለችለትን ሴት አላገኘኋትም። በር ላይ የቆመውን ዘበኛም አላገኘሁትም። ጥቂት ሴት ተማሪዎች በወንዶች ግቢ ውስጥ ቀናቸውን እንዴት ያሳልፉት እንደነበር በራሳቸው አንደበት የተጻፈ ማግኘት ከባድ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ተማሪም ከታሪክ አብሮ ይወጣል። ተመራቂ ሲቆጠር ያላጠናቀቀ አይቆጠርምና።

ይህ የአንድ ኮሌጅ ጉድለት ብቻ አይደለም። መረጃ ስንሰበስብ የማይታየውን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ እንዳለብን ግን ያስታውሳል። በ1943 የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ90 በላይ ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረው ነገር የሚገኘው እነዚህ ሰዎች ጋ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የለውም።

የእኛ ዘመን ወረቀት የት አለ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የዛሬ ተማሪ በቀን የሚጽፈው ከዚያ ዘመን ተማሪ በጣም ይበልጣል። የምንጽፈው ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደየቤቱ ሲበተን አስታውሱ። የዚያን ሰሞን ጭንቀት፣ ቀልድ፣ «መቼ ነው የምንጠራው» የሚለው ጥያቄ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ዛፍ ላይ የወጣው ልጅ ወሬ፣ ሁሉም የተጻፈው ስልክ ላይ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ጠያቂ ይህን የት ሄዶ ያነበዋል? ስልኩ ተሰርቋል፤ ቁጥሩ ተቀይሯል፤ አድሚኑ ተመርቆ ወጥቷል፤ ግሩፑ ተዘግቷል።

ጥቂት ተማሪዎች የነበሩት ኮሌጅ ቡለቲን ትቶልን አለፈ። እኛ በአስር ሺዎች እየተቆጠርን የምንተወው ሊንኩ የማይከፍት ቻናል እንዳይሆን እፈራለሁ።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብዬ ሳስብ መልሱ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይ ያለው ነው። መዝገብ መጠበቅ ወጪው ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ ገና ላልተወለደ ሰው ነው። ያልተወለደ ሰው ደግሞ አይከፍልም፣ አይመርጥም፣ ኮሜንትም አይጽፍም። የሁሉም የሆነ ነገር የሚከፍልለት ያጣል። ስለዚህ በጀት እስኪመጣ ከጠበቅን አይሆንም። የድሮው ላይብረሪያንም የሰበሰበው የጥናት ተቋም ከመቋቋሙ 10 ዓመት ቀድሞ ነው።

ደግነቱ የእኛ ሥራ ቀላል ነው። ኪሳችን ውስጥ ካሜራም፣ መቅረጸ ድምፅም አለ።

ቤታችሁ ውስጥ የኮሌጅ ዘመን ፎቶ ካለ ፊቱን ብቻ አታንሱ፤ ጀርባውንም አንሱ። ጀርባው ላይ ምንም ካልተጻፈ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉ። ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለይታችሁ አስፍሩ፤ ካልሆነ ያው 1942 እና 1943 ስንል እንኖራለን።

ድሮ የተማረ፣ ግቢ ውስጥ የሠራ፣ ያበሰለ፣ የጠበቀ ዘመድ ካላችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ድምፁን ቅረጹ። «ትልቁ ስኬትዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ቁርስ ምን ይበሉ ነበር? ከቤት ስንት ብር ይላክልዎት ነበር? ማን አቋርጦ ሄደ? ብላችሁ ጠይቁ። ትልቁ ወሬ ከትንሹ ጥያቄ ይወጣል። ቅጂውን ደግሞ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ።

የዲፓርትመንታችሁ ግሩፕ አድሚን ከሆናችሁ ቴሌግራም በኮምፒዩተር ሲከፈት ውይይቱን በሙሉ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። አባላቱን አስፈቅዱ፤ የሰው ገመና ያለበትን አውጡ፤ የቀረውን አስቀምጡ።

የዘንድሮ ጂሲዎች ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በየዓመቱ የምታሳትሙት መጽሔት ትልቅ ሰነድ ነው። ማን ከማን ጋር ተማረ፣ ምን ዓይነት ልብስ ይለበስ ነበር፣ በምን ይሳቅ ነበር፣ «ላስት ወርድ» ላይ ማን ማንን አመሰገነ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ስታሳትሙ ሁለት ኮፒ ጨምሩ። አንዱን ለግቢያችሁ ላይብረሪ፣ አንዱን ለወመዘክር ስጡ። የሁለት መጽሔት ዋጋ ተካፍላችሁ ብትከፍሉት ለአንድ ሰው የአንድ ማኪያቶ እንኳ አይደርስም።